ግራና ገበያ ላይ ትል የሆንኩ ለታ

አባቴ ሙሄዲን ግትር ናቸው ብል ያንሳል። ዕድሜ ልካቸውን ለሽንኩርቱ መስኖ ወንዝ ውስጥ ቆመው፣ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ሰገራቸው ደም እየቀላቀለ፣ «ምን ሆኛለሁ? ደህና ነኝ!» ይሉኛል። አጎቴ በዚሁ የሆድ በሽታ አይደል እንዴ የሞተው! እሳቸውንም እንዳላጣ ፈራሁ። እኔ ወርቅዬ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ።

ያኔ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከወልዲያ የጤና ቡድን መጥቶ ግራና ገበያ ዳር ድንኳን ተክሏል። ሰገራን በክብሪት ቀፎ ይዞ መምጣት ነው፤ ቢልሃርዚያ የሚሉት የወንዝ ውሃ ትል የተገኘበት ኪኒኑን ውጦ ይሄዳል። በገበያው ቀን ማታ ግን ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ውርጌሳ ሊያልፍ ነው።

«አባ፣ አንዲት የክብሪት ቀፎ ምን ትከብዳለች?»

«ሂጂ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ ቆሻሻዬን ይዤ በገበያ መሀል ልዙር? ደግሞስ ትል ሆዴ ቢገባ ገላዬ ዝም ይለኛል? ሌባ ቤቴ ሲገባ አላውቅም?»

አንጀቴ አረረ። ድንኳኑ ድረስ ሄጄ የላቦራቶሪ ሠራተኛውን ሀጎስን ያዝኩት። «ገላ ዘበኛ የለውም እንዴ? ለምን ዝም ይለዋል?»

ሀጎስ ሳቀብኝ። «አለው እንጂ! ደምሽ ውስጥ እየዞሩ ባዕድ የሚለቅሙ ዘበኞች አሉ። ይሄ ትል ግን ደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ ከራስሽ ደም እየወሰደ ገላው ላይ ይለጥፋል። ዘበኞቹ ሲደርሱበት የሚያዩት የራስሽን ነው፤ የቤት ልጅ መስሏቸው ያልፉታል። እንዲህ አድርጎ ስንት ዓመት ይኖራል!»

«እንግዲያ ሌባው የባለቤቱን ጋቢ ለብሶ ነዋ!»

«እሱን ነው የምልሽ» አለኝ።

ለገበያው ቀን የቀበሌው የኪነት ቡድን ስለ በሽታው ጭውውት እንዲያሳይ ታዞ ነበር፤ ትሉም እኔ ነበርኩ። የኪነቱ መሪ ካሳዬ ቀንድ ያለው ጭምብል አሠርቶልኛል። አንስቼ ወረወርኩለት። «ኤዲያ! ቀንድ ያለውንማ ማን ያጣዋል? የዘበኞቹን ልብስ ስጡኝ!» የደሙን ዘበኞች ለሚጫወቱት ወንዶች የአብዮት ጠባቂዎቹን ካኪ ተውሰን ነበር። ከአንዱ ኮፍያ፣ ከአንዱ ሸሚዝ፣ ዘበኛ ከሚሆነው ከረዲ ደግሞ ሱሪ ቀማሁ። ፊታችንን ሁላችንም እስከ ዓይናችን በሻሽ ጠቀለልን።

አባቴን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ትሉ እኔ ነኝ፤ ይለዩኛል?»

«አንቺን? ወላሂ ከሺህ ሰው መሀል በአረማመድሽ እለይሻለሁ!» አሉና ሳቁ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከበሮው ተመታ፤ ሽንኩርት ሻጩም ፍየል ነጂውም ከበበን። ሀጎስ መሀል ቆሞ፣ «ከነዚህ ዘበኞች አንዱ ትሉ ነው። አገኘዋለሁ የሚል ይውጣ!» ሲል ሰዉ፣ «ሙሄዲን ይውጡ! ልጃቸው ናት!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። አንድ ዘበኛ እጃቸውን ይዞ፣ ሰዉን እየገፋ፣ መሀል አደረሳቸው።

«የወለድኳትን ላጣ?» አሉና የመጀመሪያውን ሻሽ ገለጡ። የረዲ ጢም ብቅ አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

«ይቺ ናት! ቁመቷ የእናቷ ነው!» ብለው ሁለተኛውን ገለጡ። ካሳዬ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴትዮ ከሳቋ ብዛት ሽንኩርቷ ላይ ተቀመጠች። አባቴ የተሰለፉትን አንድ በአንድ ገለጡ፤ ሁሉም ወንድ! ላብ አጠመቃቸው።

«የለችም! አላመጣችኋትም!» ብለው ጮኹና ወደዚያ ወዳደረሳቸው ዘበኛ ዞሩ። እጁን እስካሁን አልለቀቁትም። «አንተ ልጅ፣ አንተ እንኳ ንገረኝ፤ የት ደበቋት?»

አፌን ይዤ መቆየቴ ከሁሉ በላይ አድክሞኝ ነበር። ሻሹን አወረድኩት። «እዚሁ ነኝ፣ አባ።»

ጉድ ፈላ! ፉጨቱ፣ ጭብጨባው! አባቴ ግን አልሳቁም። ከኮፍያዬ እስከ እግሬ አዩኝ፤ ከዚያ እጄን አዩት፣ በሽንኩርት ኩትኳቶ የሻከረውን።

«እኔ አባትሽ እጅሽን ይዤ ካላወቅሁሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገላዬ ያንን ትል በምን ሊያውቀው ነው?»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ የክብሪት ቀፎ አወጡና እንጨቶቹን መዳፌ ላይ ዘረገፏቸው። ባዶውን ቀፎ በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አድርገው ያዙ።

«መንገድ ልቀቁ!» ብለው፣ ሳቅ ሳቅ እያላቸው፣ ቀበሌው ወዳስቆፈረው ሽንት ቤት ገሠገሡ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለላቸው። ከኋላቸው አራት አምስት ሽማግሌዎች ኪሳቸውን እየዳበሱ ተከተሉ። እኔም የክብሪት እንጨት ጨብጬ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት።