ፉሳኤ ትንፋሿ ሲመለስ

ቶኩጂ ዕድሜውን በዓሣ ማጥመድ የፈጀ፣ ፍል ውሃ የሞላባት የጃፓን ከተማ የኢቡሱኪ ሰው ነው፤ ገላውን የሚታጠበውም ቆዳ በሚልጥ ፍል ውሃ ነበር። ሚስቱ ፉሳኤ የልብ ድካም ይዟት ተኝታ ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ነርሷ ሚዙሆ ልቧን እንዲያግዛት በየቀኑ በሞቀ ውሃ እንዴት እንደሚያጥባት ቁጭ አድርጋ አስተማረችው።

«አባባ፣ እርስዎ እንደሚወዱት የሚፋጅ እንዳይሆን። ሞቅ ያለ ብቻ። ከደረቷ በላይም አይለፍ፤ ልቧን ይጫነዋል። ስትወጣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያስተኟት።»

«ሾርባ ልታደርጊያት ነው እንዴ?»

«ሾርባ እንዳያደርጓት ነው ቴርሞሜትር የሰጠሁዎት!»

ቶኩጂ ሚስቱን አጥቦ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ማጅራቷን በመዳፉ ደግፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እግሮቿ አብጠው፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀር ነበር። እያደር እብጠቱ ጎደለ። ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድር የነበረችው ሴት ተጋድማ መተኛት ጀመረች። ሁለት ቃል ተናግራ ቁና ቁና መተንፈሷም ቀረ። ቶኩጂ የጀልባ ሞተር የጠገነ ያህል ኮራ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃው ውስጥ ሆና ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ስሞት ከእናንተ መቃብር እንዳታስገቡኝ» አለችው።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ከእናትዎ ጎን አልተኛም። ስትሰድበኝ እግሯን እያጠብኩ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። የተወለድኩባት ደሴት ወስደው ከአባቴ ጋር ይቅበሩኝ።»

«እኔስ? እኔ ብቻዬን ልተኛ?»

«እርስዎ እየሰሙ ዝም ይሉ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከእርስዎም ጎን አልፈልግም።»

አውጥቶ ጠቀለላት፣ አስተኛት። በማግሥቱ «ወገቤን ይዞኛል» ብሎ ሳያጥባት ዋለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። ፉሳኤ አልጠየቀችውም። እግሯ እንደገና አበጠ፤ ትራሶቹም ተመለሱ።

ሚዙሆ ልትጠይቃት ስትመጣ ደነገጠች። «ውሃውን አቋረጣችሁ እንዴ?»

ቶኩጂ የሻይ ሰሃን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኧረ... በየቀኑ... ያጥበኛል» አለች ፉሳኤ።

ነርሷ ለሐኪሙ ልትደውል ወጣች። ቶኩጂ ሰሃኑን አስቀምጦ ገንዳውን ሊሞላ ተጣደፈ። ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አየ። ሊያነሳት ክንዱን ከጀርባዋ ሥር ሲያስገባ ግን ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አየር ፍለጋ አንገቷን ወደ ላይ ስትዘረጋ አገኛት። አምቡላንስ ወሰዳት፤ በሕይወት አልተመለሰችም። ሐኪሙ ልቧ አስቀድሞ ያለቀ ነበር ብሎ አጽናናው። ሐኪሙ ግን ስለ ውሃው የሚያውቀው ፉሳኤ የተናገረችውን ብቻ ነው፤ ቶኩጂም አላረመውም።

አስከሬኗ እንደ አገሩ ወግ ከተቃጠለ በኋላ አመዷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በመርከብ ወደ ትውልድ ደሴቷ ሄደ። ወንድሟ ሴይሮኩ ሻይ አቀረበለት፣ አልቅሶም አዳመጠው።

«ያገባች ሴት የባሏ ቤት ናት። ምን ብዬ ነው ከአባቴ ጋር የማስተኛት? ፈትተሃታል?»

«አልፈታኋትም።»

«ታዲያ አገር ምን ይለኛል? ውሰዳት ወንድሜ።»

ወሰዳት። የቤተሰቡን መቃብር ግን አላስከፈተም። ዘመድ ቢቆጣም፣ ቤተ መቅደሱ ወራሽ ለሌላቸው ባዘጋጀው የጋራ መቃብር፣ ስማቸውን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አስቀመጣት።

ልጃቸው ሂሮኖሪ ከኦሳካ መጥቶ ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ፣ «ሰው እንደሌላት እዚህ ጣልካት አይደል?» አለው። አባቱ ጫማውን ወዳወለቀበት ደረጃ ሲያመራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ አባዬ፣ አንተስ? አንተም እዚህ ነው?»

«አይ» አለ ቶኩጂ። «እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ።»

ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ አለ፤ እግሩ አልገባ ብሎት እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።