የእትዬ ሰገነት ብርጭቆ

ትምህርት ያቆምሁት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ መንታ ወለደችና "ለአንድ ዓመት ብቻ" ተባልሁ። መንታዎቹ ይኸውና ዛሬ በራሳቸው እግር ሮጠው ጣና ዳር ይደርሳሉ፤ እኔ ግን አሁንም የእነሱን ሱሪ አጥባለሁ። እንግዲህ አባቴ መሥሪያ ቤት ሻይ የምታፈላ ልጅ ተፈልጋለች ሲባል እንዴት እንደዘለልሁ አስቡት። ሥራው እስከ ከሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ማታ ማታ ትምህርት እገባለሁ ማለት ነው።

የሻይ ክበቡ ኃላፊ እትዬ ሰገነት ናቸው። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታልና ሠራተኛው ሁሉ ሻይ በጠጣ ቁጥር ኮሶ እንደዋጠ ሰው ይሆናል አሉ። "ያለ ስኳር የሚጠጣ ሻይ የምታፈላልኝ ካለች እቀጥራታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁ መጥቼ እቀምሳለሁ" ብለው ለአባቴ ነገሩት።

ሳምንቱን ሙሉ ስሞክር ከረምሁ። ዝንጅብሉ ደረቅ ሆኖ ይወቀጣል፤ እርጥቡ ጉሮሮ ይፍቃል። ቀረፋው ተሰባብሮ ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል። ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ ይበቃል፤ ሦስት ከገባ ሻዩ ጥርስ ነቃይ ቤት ይሸታል። ኮረሪማው ትንሽ ይታመስና ይደቆሳል። ከጓሯችን የተቆረጠ ጠጅ ሳር መጨረሻ ላይ ይገባል። ከወረደ በኋላ አጎቴ ከዘጌ ያመጣልን ማር ጠብ ይደረግበታል።

ይህን ሁሉ ለብቻዬ ብሠራው ምን ነበረበት? የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ሻይ አዋቂ ሆኖ አረፈው።

"ጤና አዳም ጣል አድርጊበት" ትላለች እናቴ።

"እማዬ፣ ጤና አዳም ለቡና ነው!"

"ጨው ቢጤ ቢነካው" ይላል አባቴ።

"አባዬ፣ ሻይ ነው እኮ፣ ሽሮ አይደለም!"

"ምላስሽን እንዲህ ከምትስዪ ቢላዋውን ብትስዪው" አለችኝ እናቴ። ዞር ስል ደግሞ መንታዎቹ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረዋል። አንድ ማንኪያ ያህል ብቻ ነበር የተረፈኝ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ ሰገነት ብቻቸውን ይመጣሉ ስንል ጓድ አስናቀን አስከትለው መጡ። ጓድ አስናቀ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ናቸው፤ በየሰኞው የውይይት ክበብ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ እንዳየ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ወደ ሸሚዙ ከተተው።

ጓዳ ገብቼ ላጥልል ብል የሻይ ማጥለያው የለም። መንታዎቹ ለካ ሐይቅ ዳር ወስደውት ዓሣ ያጠምዱበታል! እናቴ ከበር ጀርባ ሌላ ማጥለያ መንጭቃ ሰጠችኝ። "ፍጠኝ፣ እንግዶቹ ሊሰለቹ ነው!" እየተጣደፍሁ ቀዳሁና ይዤ ወጣሁ።

ጓድ አስናቀ ቀድመው አነሡና ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እቴ! ይህማ ሌላ ነገር ነው! ምን ጨመርሽበት?"

"ቅመም ነዋ ጓድ" አልሁ፣ እንደ ፊኛ እየተነፋሁ።

ወደ እትዬ ሰገነት ዞር ስል ግን ብርጭቋቸው ላይ ዓይኔ አረፈ። ሻዩ ላይ ቢጫ ቢጫ ዓይኖች ተንሳፍፈዋል። ቅቤ! ለካ እናቴ ያቀበለችኝ ለቅበላ ቅቤ ያነጠርንበት ማጥለያ ኖሯል። ጾም ከመግባቱ በፊት ዕቃውን ሁሉ በአመድ እንዳጥብ ታዝዤ ያን አንዱን "ማን ያየዋል" ብዬ የተውሁት እኔው ነኝ። ይኸው ታየ፤ በሁዳዴ!

እትዬ ሰገነት በውይይት ክበቡ ላይ ስለ ኋላ ቀር እምነት ሲናገሩ ጭብጨባው ውጭ ድረስ ይሰማል ይባላል። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ጊዮርጊስ ዛፉ ሥር ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሲሰግዱ አይቻቸዋለሁ። አባቴ መሥሪያ ቤት ስላክ በማየው ጫማቸው ነው ያወቅኋቸው። እና አሁን ምን ልበል? "እትዬ፣ የፍስክ ነውና አይጠጡት" ብል ጓድ አስናቀ ፊት አጋለጥኋቸው። ዝም ብል ጾማቸውን አስገደፍኋቸው። ብርጭቆው ከንፈራቸው ሊደርስ ነው።

በክርኔ ገፋሁት።

ሻዩ ቀሚሳቸው ላይ ተገለበጠ። እናቴ "ውይ! ውይ!" አለች። ጓድ አስናቀ ሳቃቸውን ለቀቁት። "ምላሷ ነው እንጂ እጇስ አልሠለጠነም!"

እትዬ ሰገነትን አጥብልዎታለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ይዣቸው ገባሁ። ውኃ እያፈሰስሁ በሹክሹክታ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቅቤ ነክቶት ነው። እርስዎ ደግሞ…" አልኋቸው።

"እኔ ደግሞ ምን?"

"ጊዮርጊስ አይቼዎታለሁ።"

ቀሚሳቸውን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ለማን ነግረሻል?"

"ለማንም።"

"ሻይሽ ሽታው እንኳ ደስ ይላል" አሉ። "ግን አልቀጥርሽም።"

"ስለ ደፋሁብዎ ነው?"

"ስላየሽኝ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ግድግዳውም ጆሮ አለው፤ አንቺ ደግሞ አፍ ብቻ ነሽ። አንድ ቀን ሳታስቢው ያመልጥሻል፤ ያን ዕለት እኔም ልጆቼም አለቀልን።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ዝም ብዬ ላጠጣዎት ኖሯል?"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። "ልጅቷ ገና ናት፤ ሌላ እንፈልጋለን" ሲሉ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ጓድ አስናቀ "ኧረ ሻዩስ!" እያሉ ተከተሏቸው።

ሁሉንም ነገር ለእናቴ ነገርኋት። አቅፋ ሳመችኝ። "ጽድቅ ነው የሠራሽው፣ ልጄ።"

"ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ!" አልኋትና የመንታዎቹን ሱሪ አንሥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።