«ገና ነው» የተባለው ሰንጋ

የልጃቸው ባል፣ አማችየው፣ ሥጋ ቤት ሊከፍት መሆኑን ሲሰሙ፣ አድላቢው አባት ደረታቸውን ነፍተው «የመክፈቻውን ሰንጋ ከእኔ ውሰድ» አሉት። በማድለብ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው፤ ማን እምቢ ይላቸዋል?

የእርዱ ጊዜ ሲቃረብ አማችየው ወደ በረቱ መጣ። የሰንጋውን ጎድንና የጭራ ሥር በመዳፉ ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰ።

«አባባ፣ ይሄስ በቅቶታል። ከዚህ ወዲያ የሚበላው ሥጋ አይሆነውም፤ ስብ ብቻ ነው የሚከምርበት።»

«አንተ ቢላህን ሳል፤ ገና ነው።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ልጆቼ፣ ሰውዬው ያቃታቸው ከሰንጋው መለየቱ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ «ይሄ ከብት ነው ወይስ መጋዘን?» ሲል እንደ ሙገሳ ይሰሙታል። ለዚያች ቃል ሲሉ መኖውን ጨመሩ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ሰንጋው መነሣት እስኪከብደው ድረስ ወፈረ። የሥጋ ቤቱም መክፈቻ እሳቸውን ሲጠብቅ ሰነበተ።

በመጨረሻ ቄራ ተወስዶ ቆዳው ሲገፈፍ ጀርባው ላይ የመዳፍ ውፍረት ያለው ስብ ተጋድሞ ታየ። ገፋፊው ሳቀ። «አባት፣ ይሄ ሰንጋ ብርድ ልብሱን ለብሶ ነው እንዴ የመጣው?»

ሥጋ ቤቱ በተከፈተ ቀን አማችየው አንገቱን ደፍቶ ስቡን ሲልጥ ባልዲው ሞላ፤ ሌላ ባልዲ መጣ። መስቀያው ላይ የቀረው ሥጋ ግን ለዚያ ሁሉ ግዝፈት እፍኝ መሰለ። ከተሰለፉት አንዷ ሴትዮ «ሥጋው የታለ፣ የእኔ ወንድም? ስብ ልትሸጥልን ነው?» አለች። ከኋላዋ የነበሩት ሁለቱ ጥለው ሄዱ።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ አማችየው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አቆይቼ አሳረድኩት።»

አባት ጥግ ቆመዋል። ቢሰድባቸው ይሻል ነበር። ልጃቸው ከሚዛኑ ጀርባ ዓይኗን ስትሰብር አዩ፤ ፊታቸው እንደ ምጣድ ጋለ።

«ውሸቱን ነው» አሉ። «በቅቶታል ብሎኝ ነበር። ሰው እንዲያደንቀኝ ብዬ ነው ያቆየሁት።»

ሴትዮዋ እንድትስቅባቸው ጠበቁ፤ ብትስቅባቸው ቀለል ይላቸው ነበር። ማንም አልሳቀም። ልጃቸው በርጩማ ሳብ አድርጋ «አረፍ በል፣ አባዬ» አለች።

መቀመጡን አልደፈሩም። ስቡ የሞላበትን ባልዲ አንሥተው፣ ማንንም ሳያዩ በጓሮ በር ወጡ።