ከጣሪያው የመጣው ቁጥር

ፈቀደ በከባቢ አየር ያለውን የኦዞን መጠን የሚያጠና ባለሙያ ነው። ሳተላይቱና ወደ ሰማይ የተለቀቀው ፊኛ ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለው ፎቅ ጣሪያ ላይ የተተከለው መሣሪያ ብቻ ዝቅ ያለ ቁጥር አመጣ። ስብሰባ ላይ ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ «እትዬ ኡሙሀኒ ዓይናቸው ደክሟል፤ አሳስተው እያነበቡ ነው» ብሎ አረፈው። መሣሪያውን ሃያ ዓመት ያነበቡት እትዬ ኡሙሀኒ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወጡ።

በሳምንቱ መዝገባቸውን ሲያገላብጥ ከገጹ ዳር በእርሳስ የጻፉትን አየ። «የማስተካከያው ቁጥር ዛሬ ተቀይሯል፤ ይታይልኝ» ይላል። የመሣሪያው ንባብ የሚባዛበትን ይህን ቁጥር የቀየረው ራሱ ፈቀደ ነበር፤ ሲጽፈው አንድ አሃዝ ስቷል። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

አትክልት ተራ ጀርባ ካለው ቤታቸው ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ አቀርቅሮ።

«ስሜን ያጠፋኸው ሰው ፊት አይደል ልጄ?» አሉት። «እዚያው መልስልኝ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ሁሉንም ተናገረ። ቁጥሩ ሲታረም ሦስቱም ልኬቶች ገጠሙ፤ ሰዉም አጨበጨበ። እሱ ግን እትዬ ኡሙሀኒ ወደተቀመጡበት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።