ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው

ካምቢዮው ሞቷል ያለው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ አላልኩም። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ባሌ ካረፈ ወዲህ ፒክአፑን የምነዳው እኔ ነኝ። ሰው ቤት ሲቀይር አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፍሪጁን ጭኜ አደርሳለሁ። የወንድ ሥራ ነው ይሉኛል። አልጋው ግን እስከ ዛሬ ማን ነው የሚነዳኝ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ልጆቼን የማስተምረው በዚሁ ሥራ ነው፣ አማቴንም የምጦረው በዚሁ ነው። አማቴ ልጃቸው ሲሞት «ከአንቺ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው እኔው ጋ ቀሩ። ታላቁ ልጃቸው ግን የራሱ ቤትና የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ሐሳቡ እኔን ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ አስቀምጦ ሚስማር ማስመዘን ነው። «ሴት ልጅ ጥላ ሥር ስትሆን ነው የሚያምርባት» ይላል። ድንቄም ጥላ!

ታዲያ በቀደም ፒክአፑ እምቢ አለኝ። ማርሹን ዲ ላይ አስገብቼ ቤንዚን ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ወይ ፍንክች። የባሌ ወንድም፣ ጋሼ፣ ተጠርቶ መጣ። ጋሼ የምለው ታላቄ ስለሆነ ነው፤ ብናደድበትም ስሙን አልቀማውም። ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ጠጋ አድርጎ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀና «ካምቢዮው ሞቷል» አለ። መርዶ ነጋሪ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም።

«ካልሞተስ?» አልኩት።

«ሞቷል አልኩሽ! እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ!»

እኔም ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። የካምቢዮውን ዘይት ደግሞ ሰሞኑን ራሴ ለክቼው ልክ ነበር፤ ካልፈሰሰ የት ይሄዳል ብዬ ዳግመኛ አልለካሁትም። እሱም እናቱ ፊት ቃል አስገባኝ፤ ካምቢዮው ከሞተ መኪናው ይሸጣል፣ እኔም ሱቅ እገባለሁ። ደክሞኝ ነበር፣ አልቅሼም ነበር፣ እሺ አልኩ።

ገዢው ይመጣል በተባለበት ቀን ጠዋት ገመዶቼንና የዕቃ መሸፈኛ ብርድ ልብሶቼን ከመኪናው እያወጣሁ ነበር። እንባዬ እየመጣ እመልሰዋለሁ። አማቴ የቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያዩኛል።

«አይ ይሄ መኪና» አሉ። «ያን ለት ታላቁን ልጄን እንኳ ደም አስተፍቶት ነበር።»

«የምን ደም፣ እማማ?»

«እዚችው ጋ ቆሞ ቀጭን ቱቦ ሞተሩ ውስጥ ከትቶ በአፉ ሲስብ፣ ሲስብ፣ ቀይ ነገር ቱፍ አለ። ደም መስሎኝ ጮህኩ እኮ! ‹ዘይት ነው እማዬ፣ ከልኩ አልፎ ስላየሁት ልቀንስላት ነው› አለኝ። ቆርቆሮ ሙሉ ይዞ ሄደ።»

እጄ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ። «መቼ ነው ይሄ?»

«አንቺ ገበያ የሄድሽ ለት ነዋ። በማግስቱ አይደል እንዴ መኪናው አልሄድም ያለሽ?»

ወይ ነዶ! ያኔ ሁሉም ገባኝ። ጋሼ የሚያውቀው የሞተር ዘይት ነው፤ እሱ የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው። የነዳቸው መኪኖች ሁሉ ማርሻቸው በእጅ ስለነበር እንዲህ ያለ የካምቢዮ መለኪያ ዘንግ ኖሯቸው አያውቅም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል፤ ያኔ የለካው ሰው ከልክ በላይ ሞልቶ ያገኘዋል። ባሌ መኪናውን ያስለመደኝ ለት «ይሄን ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ለኪው። አለዚያ መለኪያው ይዋሽሻል» ብሎኛል። ጋሼ ማንን ይጠይቅ? ሞተሩን አጥፍቶ ለካ፣ ሞላ አለ፣ ጤነኛውን መኪና መጦ መጦ ከሥራ አወጣውና መጥቶ ደግሞ ሞቷል ብሎ አረዳኝ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ለጥ ያለው የግቢው በር አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ማርሹን ነፃ፣ ኤን ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ በቀስታ ወደዚያ አወረድኩት። ፍሬን ይዤ ፒ ላይ አስገባሁና አስነሳሁ። እስኪሞቅ ጠበቅኩ። እግሬን ፍሬኑ ላይ ጭኜ ማርሹን አር፣ ኤን፣ ዲ እያልኩ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ አቆይቼ ወደ ፒ መለስኩት። ከዚያ ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ዘንጉን መዝዤ ከአሮጌ አንሶላ በቀደድኩት ንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት፣ እስከ መጨረሻው መልሼ ከተትኩት፣ እንደገና መዘዝኩት። ዘይቱ ጫፉን ብቻ ነው የነካው፤ ከታችኛው መስመር እንኳ አልደረሰም። ጠብታውን ጨርቁ ላይ አሳረፍኩት፤ ቀይ ነው፣ ጥርት ያለ። አሸተትኩት፤ አላረረም። የሞተ ካምቢዮ ዘይት ጠቁሮ ያራል። ይሄ ሳይቃጠል በቅጠል የተደረሰለት ነው።

ከወንበሩ ኋላ ያስቀመጥኩት ዘይት ነበረኝ፤ ያው መኪናው የሚወስደው ዓይነት። የውሃ ፕላስቲክ ቆርጬ አፉን ዘንጉ የወጣበት ቀዳዳ ላይ ደፋሁና በጥቂት በጥቂቱ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ጋሼ ገዢውን አስከትሎ በበሩ የገባው ይሄኔ ነው።

«የሞተ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ትደፊያለሽ?» ብሎ ጮኸ። «ሞተሩን አጥፊ! ሞተር እየሠራ ዘይት የሚለካው በየት አገር ነው?»

«በአውቶማቲክ አገር ነዋ፣ ጋሼ። ሞተሩን አጥፍተህ ለካህና ሞልቷል ብለህ በአፍህ መጠጥከው።»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ!»

«ምን አደረግኩ?» አሉ አማቴ። «የተፋኸውን ነው የነገርኳት።»

ገዢው ሳቁን በእጁ ሸፈነ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጨመርኩ፣ ቆየሁ፣ ማርሹን አዘዋወርኩ፣ ለካሁ። አሁንም ጎደለ። ጨመርኩ፣ ለካሁ። ሁለቱ መስመሮች መሃል ሲደርስ ፕላስቲኩን አንስቼ ዘንጉን መለስኩ፣ ኮፈኑንም ዘጋሁ።

«ካልሽማ ጥግ ድረስ ሙዪዋ!» አለ ጋሼ እያሾፈ።

«ሲያንስ ይከዳል፣ ሲበዛ አረፋ ያወጣል። የኔ ፍላጎት ልኩ ነው።»

ገብቼ ዲ ላይ አስገባሁት። መኪናው ወገቡን ነቅነቅ አድርጎ ያዘ። ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔ ብቻዬን ውስጥ «ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!» እያልኩ ጮህኩ። ገዢው ከሥር አጎንብሶ አየና «ይሄ መኪና ምንም አልሆነም» አለ።

አሁን ጋሼ ያፍራል ብዬ ነበር። የት አባቱ! ፊቱ በራ።

«እንዲያውም ጥሩ! ደህና ዋጋ ያወጣል። በይ ቁልፉን አምጪ።»

«ቃሌ ካምቢዮው ከሞተ ነበር» አልኩት።

«የካምቢዮ ነገር መች ሆነና! የወንድሜ ሚስት የሰው አልጋ ጭና ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ሰው ምን ይለኛል? ሱቅ ትገቢያለሽ፣ አበቃ።»

«አሃ! ለካ ተበላሸ ስትል የነበረው መኪናውን ሳይሆን እኔን ኖሯል።» ከመኪናው ወርጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «እንግዲያው ስማኝ። አልሸጥም። ሱቅህንም አልረግጥም። ሚስማርህን ራስህ መዝን።»

«እኔ በቤተሰብ ጠብ የለሁበትም» አለ ገዢው። ወደ እኔ ዞሮ «በደህና ንጂው» ብሎኝ ወጣ።

ገመዶቼን ሰብስቤ መልሼ ጫንኩ፣ ብርድ ልብሶቼን ጫንኩ፣ በሩን በሰፊው ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሄዶ በሩ መሃል ተገትሮ ቆመ። እጆቹን ዘረጋ።

«በእኔ ላይ ነው የምትወጪው?»

«ቤንዚን አልረግጥም፣ ጋሼ። ፍሬኑን ብቻ ነው የምለቀው።»

ዲ ላይ አስገባሁና ፍሬኑን ከእግሬ ሥር ቀስ አድርጌ አላላሁት። መኪናው በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ ከሰው እርምጃ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። ጋሼ መዳፎቹን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ተሟገተ። ጫማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ አሁንም አንድ። እኔ ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም። እግሬ ፍሬኑ ላይ ዝግጁ ነው፤ እሱ ግን ይሄን አያውቅም።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነስተው እስከ በሩ ወረዱ። በዚህች ቤት እሳቸው በእሱ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ዞር በል ልጄ» አሉት። «ሞተ ያልከው እኮ ነው እየገፋህ ያለው።»

እጆቹን ከኮፈኑ ላይ አነሳ። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ «አልሸሹም ዞር አሉ» ልለው ነበር፤ ታላቄ ነውና ተውኩት። ቤንዚኑን ረገጥኩና መንገዱ ላይ ወጣሁ።