የአው ነጅሙዲን ስንዝር

ሰውየውን በሰው ፊት ሌባ አልኩት። ከዚህ ልጀምር፣ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

አው ነጅሙዲንን ነው፤ አው ሐረሪዎች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ የሚሉት ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ወታደር ይቀርጻል። ከእንጨት። አንዱ ወታደር ከትንሿ ጣቴ አንድ አንጓ አይበልጥም፣ ግን ጋሻው ጋሻ ነው፣ የፈረሱ ጥርስ ሳይቀር ይታያል። ግማሾቹ የጥንት የአክሱም ጦር ናቸው፣ ግማሾቹ ባሕር ማዶ የመን የነበሩት የሒምያር ሰዎች። እሁድ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲተነፍስ፣ አሮጌ የበር ሳንቃ በሁለት በርሜል ላይ አጋድመን እናዋጋቸዋለን። ጨዋታ ነው። ትልልቅ ሰዎች ነን፣ አዎ። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰማታር ባጃጅ ይነዳል። የአው ነጅሙዲን ልጅ ሀምዲያ አስተማሪ ናት፣ የሉዶውን ዳይስ የምትወረውረው እሷ ነች። እኛ ከወረወርን እንጣላለን።

ሕጉ የመጣው ከእንግሊዝኛ ከተተረጎመ አንድ ያረጀ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያነበው እሱ ብቻ ነው፣ የምድር ባቡር ሰው ነዋ። መጽሐፉ ርቀቱን በኢንች ነው የሚለካው። እሱ ግን «ኢንች የት አውቄ፣ ስንዝር አለን» ብሎ ዘጋው። እግረኛ ግማሽ ስንዝር ይሄዳል፣ ፈረሰኛና ዝሆን አንድ። የማን ስንዝር? የሱ። የራሱንም የኛንም ጦር የሚለካው እሱ ነው። አውራ ጣቱን ከፈረሱ ፊት ይተክላል፣ ትንሿን ጣቱን ይዘረጋል፣ እዚያ ድረስ ትሄዳለህ። አለቀ። ሰባት ዓመት ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። መቼ ነው የማልቸኩለው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተረኛ ነበርኩ።

ሒምያር እኔ ነኝ፣ አክሱም እሱ። እግረኛዬ አልቋል። የቀረኝ አራት ፈረስ ነው። ሳንቃው ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ደረቅ ወንዝ አለ፣ በከተማችን ወንዝ ስም ደቻቱ ነው የምንለው። ፈረሶቹን በደቻቱ በኩል አዞርኳቸው። ከወንዙ ዳር እስከ ንጉሡ ኮረብታ አንድ ስንዝር ነው። ሰባት ዓመት አንድ ስንዝር ነው። ኮረብታው በምስማር የተመታ ነው፣ የትም አይሄድም። ከደረስኩና ዳይሱ ከቀናኝ ንጉሡን እማርካለሁ።

«ለካ» አልኩት።

እጁን አወረደ። ትንሿ ጣቱ ኮረብታው ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ሲቀራት ቆመች።

«አልደረስሽም።»

«እንዴት አልደረስኩም?»

«ስንዝሩ እዚህ ነው ያለቀው።»

«ዘርጋው እንጂ!»

«ዘርግቻለሁ።»

ሰማታር ከኋላዬ ሳቀ። «አባዮ» አለኝ፤ ሴቱን ሁሉ በሶማልኛ እህቴ ነው የሚለው። «አባዮ፣ ፈረሶችሽ ቤንዚን ጨረሱ። ሂጂ ሰልፍ ያዢላቸው።»

ሳቁ አናደደኝ።

«ይሄ ሌብነት ነው» አልኩ። «ንጉሥህ ሊያዝ ሲል ነው እጅህ የሚያጥረው? ሌባ!»

ሊያዩ የመጡ ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ሀምዲያ ዳይሱን ጨብጣ ቀረች።

አው ነጅሙዲን እጁን ሊያነሳ ሲል ያዝኩት። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። እጁን ይዤ ሳንቃው ላይ አስተኛሁት። በመዳፌ ተጫንኩት። «እንዲህ! ስንዝር እንዲህ ነው!» እያልኩ። ሦስቱ ጣቶች ተዘረጉ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ አልተዘረጉም። ጨምሬ ተጫንኩ። እምቢ አሉ። መዳፉ ውስጥ እንደ ገመድ የጠነከረ ነገር ጣቶቹን ወደ ውስጥ ስቦ ይዟቸዋል። በመዳፌ ተሰማኝ።

ለቀቅኩት።

እጁን ቀስ ብሎ ሽርጡ ላይ አስቀመጠ። ፈረሶቼን እያየ «ለዛሬ ይብቃን» አለ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። «ሰዓቴ ደርሷል» ብዬ ወጣሁ። እውነትም ደርሶ ነበር።

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው ብያለሁ። እንዲህ ዓይነት እጅ አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ሸምገል ያሉ ወንዶች ላይ ነው የሚታየው፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይታጠፋል። በቀን ስንት እጅ ነው ባንኮኒዬ ላይ የሚዘረጋው። የማላውቀውን ሰው እጅ አይቼ «ሐኪም ታይተሃል ወይ» እላለሁ። የሱን በየእሁዱ አፍንጫዬ ሥር አድርጌ እያየሁ አላየሁትም። እኔ የማየው ፈረሴ የት እንደደረሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፣ ሳልጠራቸው። ሁለት ዓመት ሆነው መሰለኝ፣ ሰላም ሲለን አይጨብጠንም፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሃይማኖት አጠበቀ ብዬ ለሰማታር ነግሬው ስቀናል። መጨረሻ የቀረጻቸው ግመለኞች ጦር የላቸውም። «አው ነጅሙ፣ እነዚህ የሚሄዱት ለጦርነት ነው ለሠርግ?» ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ይሄ አለ፦ የሱም ዝሆን እኩል አጥሮ ነው ሲቆም የከረመው። ስንዝሩ ሲያጥር ለሁላችንም ነው ያጠረው። ሰውየው ማንንም አልሰረቀም።

በሚቀጥለው እሁድ ሰማታር ደወለ።

«አትምጪ። ጨዋታ የለም ብሏል።»

«አመመው?»

«ወላሂ አላውቅም። ሳንቃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። አባዮ፣ አንቺ ግን የሰው እጅ እንደዚያ ይጫኑታል? የበር ደወል ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰድቤው ስልኩን እዘጋበት ነበር። ዘጋሁት፣ ግን ሳልሰድበው።

ረቡዕ ሀምዲያ መድኃኒት ቤት መጣች። የምትገዛው ነገር አልነበራትም። ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ወታደሮቹን ሳጥን ውስጥ ከተታቸው» አለች። «ቅዳሜ ለኛ ትምህርት ቤት ሊሰጣቸው ነው።»

«ለልጆች?»

«ለልጆች። በሁለት ቀን አንድም አንገት አይተርፍም። ነገርኩት። ይሁን አለኝ።»

«እጁን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም።» ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። «ከኛ ጋር ትሪ ላይ መቅረብ ከተወ ቆይቷል። ቀድሜ በልቻለሁ ይላል። ጨጓራው መስሎኝ፣ መድኃኒቱን ካንቺ አይደል የወሰድኩለት? ለካ በቀኝ እጁ መጉረስ አቅቶት ነው። በግራው ደግሞ በሰው ፊት አይበላም።»

የጨጓራውን መድኃኒት የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ከምግብ በፊት ይውሰድ ብዬ ጽፌበታለሁ።

«በጣም ተናዶብኛል?»

«ስላንቺ አንድም ነገር አላለ። ሽማግሌ ሆኛለሁ ነው የሚለው። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሄድኩ። ሳጥኑ ሳይወጣ መድረስ ነበረብኝ።

እኛ ድሬ ላይ አንቱ አንልም። አባቴን አንተ ነው የምለው፣ ቄሱንም አንተ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይደነግጣል፣ እኛ እንስቃለን። ያን ቀን ግን ባጃጅ ውስጥ የምለውን ሳዘጋጅ አንተ የሚለው ቃል አፌ ላይ አልቀመጥ አለ። አንተ እያልኩ ነዋ የሰደብኩት። ቢያንስ በክብር ልጠይቀው አልኩ።

በረንዳው ላይ ነበር። ሳጥኑ እግሩ ሥር ነው፣ በገመድ ታስሯል።

«እንዴት ዋሉ?» አልኩት።

ዞሮ ወደ ኋላው አየ። «ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። በድዬዎታለሁ።»

«ያ ረቢ» አለ። «ሀምዲያ! ነይ ስሚ፣ እፀገነት አንቱ አለችኝ። መሞቴን ሰምታ ለለቅሶ መጥታለች መሰል።»

«አው ነጅሙ…»

«ተዪ።» አሁን ቀልድ የለም። «ሌባ ስትዪኝ ተጫዋች ነበርኩ። ከሌባ ጋር ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል። አንቱ ስትዪኝ ግን ከሳንቃው አንስተሽ ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጥሽኝ። አንቱ ከሚሉት ሰው ጋር ማን ይጫወታል? ተነሥተው ያሳልፉታል እንጂ። እጄ ነው የታጠፈው እኮ፣ እኔ አልታጠፍኩም።»

ሀምዲያ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ልክስ መጥቼ ባሰብኝ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እንደሰደብሽኝ አድርገሽ ታረቂኝ።»

ቀላል ይመስላል።

«ይቅር በለኝ» አልኩ። «ሌባ አይደለህም። ባለጌዋ እኔ ነኝ። እጅህን… እንደዚያ መጫን አልነበረብኝም።»

«ስትጫኚኝ ያመመኝ ይመስልሻል?»

«አላውቅም።»

«አላመመኝም። እሱ ነው የከፋው። ቢያመኝ እጮህ ነበር፣ ታዝኑልኝ ነበር፣ ያልፍ ነበር። ሳያመኝ ቁጭ ብዬ እጄን እንደ ሰው ዕቃ ከናንተ ጋር አየሁት።»

«ለዚህ እኮ ቀዶ ጥገና አለ» አልኩ። የሥራ ምላስ ነው፣ አያርፍም። «ሐኪም ጋ እኔ ራሴ…»

«እፀገነት፣ ከባንኮኒሽ ውጪ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። እስካሁንም አላለም። ቆይቶ ቆይቶ ግን «በይ ሳንቃውን አውርዱት» አለ። ከሀምዲያ ጋር አንስተን በርሜሎቹ ላይ መለስነው።

«እጅሽን አምጪ። ከወንዙ ወደ ኮረብታው ዘርጊ።»

እጄ ረጅም ነው፣ ተማሪ ሳለሁ ይሰድቡኝ ነበር። ዘረጋሁ። ጥፍሬ ኮረብታውን ነካ።

«ካሁን ወዲያ ስንዝሩ ይሄ ነው።»

«አይሆንም። ሜትር ላምጣ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ…»

«ሜትር ለመጋረጃ ነው። ጦር በሰው ነው የሚለካው። የኔንም ያንቺንም የምትለኪው አንቺ ነሽ።»

በጉልበት ልወስድ የታገልኩትን ነገር አንስቶ ሰጠኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሀምዲያ ጎንበስ ብላ የሳጥኑን ገመድ ፈታች።

እሁድ ሁላችንም ተገኘን፣ ጎረቤቶቹም ጭምር። ሰማታር ጉንጩ በጫት ተነፍቶ «አባዮ ለኪ ሆነች? ፊፋ ያውቃል?» አለ። ማንም አልሳቀለትም፣ እሱ ራሱ ሳቀ።

አው ነጅሙዲን በግራ እጁ ወታደሮቹን ይደረድራል። አዲስ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አራቱን ፈረሶች ወንዙ ዳር አቆማቸው። ንጉሡን ኮረብታው ላይ። ያን ቀን ምን የት እንደነበር አንዱንም አልረሳም።

«ካቆምንበት ነው» አለ። «ያንቺ ተራ ነው። ለኪ።»

አውራ ጣቴን ተከልኩ። ሁሉም እጄን ያያል። በሱ ፊት እጄን እንደልቤ መዘርጋት አቃተኝ። ትንሿን ጣቴን ሰብሰብ አደረግኳት። ሁለት ጣት ያህል።

«አልደረስኩም» አልኩ።

ፈረሶቹን አላያቸውም። እጄን ነው ያየው።

«ጣትሽን አመመሽ?»

«አይ።»

«ታዲያ ለምን አጠፍሽው?»

ሰማታር ማኘክ አቆመ።

«የኔን ያጠፈው አላህ ነው፣ አልጠየቅኩትም» አለ አው ነጅሙዲን። «አንቺ ግን ወደሽ አጠፍሽው። ይሄ ነው ሌብነት። በመጀመሪያ ስሜን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ሽንፈቴን። ሽንፈትም ያስቀናል? መልሽልኝ።»

«እኔ እኮ…»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ጥፍሬ ኮረብታውን ነካ። ሀምዲያ ዳይሱን ወረወረች፣ አምስት። በቂ ነው። ንጉሡን ከኮረብታው አነሳሁት። ጣቶቼ መካከል ምንም ያህል አይከብድም። ሰማታር ማጨብጨብ ጀመረና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው።

«በይ ቀጥይ፣ አላለቀም» አለ አው ነጅሙዲን። «ዝሆኔ አለ። ለኪልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ለካሁለት። ሙሉ ስንዝር። የሱ እጅ እዚያው አጠገቤ ሽርጡ ላይ ነበር፣ እንደታጠፈ። ላለማየት ዝሆኑን አየሁ። እሱ ዝሆኑን በግራ እጁ እስከ ጥፍሬ ድረስ ገፋውና እጄን እስካነሳለት ጠበቀ።