በቀይ ክር የተሰፋው ማስክ

«ከመግባታችሁ በፊት አጥልቁ» አለች ዋና ነርሷ በር ላይ ቆማ። ከቦርሳዋ አዳዲስ ማስክ እያወጣች ተከትለዋት ለመጡት ነርሶች አደለች።

ልብስ ሰፊው በመስኮቱ በኩል አያቸው። ሚስቱን ከቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር መነሳት ለምዷልና ብድግ አለ፤ ከዚያ የሚሉትን ሰማና ባለበት ቀረ።

«እትዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አለች ትንሿ ነርስ ማስኩን እያገላበጠች። «አልቋል ብለውን አልነበር?»

«መጋዘን ውስጥ አንድ ካርቶን ነበር። ኃላፊው ከላይ ለሚመጡ ጎብኚዎች አስቀምጪው ብሎኝ ነው። ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። በሽተኛ የተኛችበት ቤት ስለሆነ ነው፤ ጥንቃቄ አይከፋም።»

ጥንቃቄ አይከፋም። ልብስ ሰፊው ተመልሶ ተቀመጠ።

ሚስቱ የቲቢ ክፍል ነርስ ነበረች። በሽተኞቿ «ሳቂታ» ነበር የሚሏት፤ ግማሽ ፊቷ ተሸፍኖ እንኳ ሳቋ ከዓይኗ ይታወቅ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ማስኳን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ቶሎ ቶሎ መቀየር የነበረበት ነገር ሳምንት አለፈው፣ ከዚያም ወር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይቀልድባት ነበር።

«አንተ ደግሞ ሁለቱንም ነው ያገባኸው» ትለዋለች።

ላስቲኩ ሲበጠስ፣ ጠርዙ ሲተረተር የሚሰፋላት እሱ ነው። አንዴ ነጭ ክር ቢያልቅበት በቀይ ሰፋው፤ እሷም ከሌላ ሰው እንዳይቀየርብኝ ብላ ወደደችው። አንድ ቀን ግን መርፌውን እንደያዘ ቆም አለ። መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ይህን ልብስ ሰፊ አይስተውም።

«ይሄ እኮ ወንፊት ሆነ። አዲስ ጠይቂ እንጂ።»

«ጠይቄያለሁ። እትዬ አልቋል አለች።»

«ሄደሽ መጋዘኑን እዪው።»

ያን ቀን ሳቂታ ተቆጣች። «ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሠርጌ ቀን እንደ እናት ያለቀሰችልኝ እሷ ናት። እሷ አልቋል ካለች አልቋል።»

እሱም ሰፋላት።

ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ከዚያ ላቡ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተባለ። ሆስፒታሉ «ከሰፈር ይዟት ይሆናል» አለ። ዋና ነርሷም አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን እየዳበሰች፣ «ከየት እንደሚይዝ ማን ያውቃል፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ሳቂታ ይህንንም እንዳመነች ሞተች። እሱም አምኖ ነበር። ከሱቄ አምጥቼባት ይሆን እያለ፣ ከደንበኞቹ ማን ማን ይስል እንደነበር ሲያስታውስ ከርሟል።

ነርሶቹ ገቡ። ዋና ነርሷ አቅፋው አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ነበር፤ ልቡን ያቃጠለውም ይኸው ነው። የአዞ እንባ ቢሆን ይቀለው ነበር። ማስኩን ከቅርብ አየው፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ፊቷ ላይ ልክክ ያለ፣ አንድም የመርፌ ምልክት የሌለበት።

የሳቂታ አክስት ሻይ አቀረቡ። ትንሿ ነርስ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ጠጣች። ዋና ነርሷ ማስኳን ሳታወርድ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«ይጠጡ እንጂ» አላት ልብስ ሰፊው። እስከ ትናንት አንቺ ነበር የሚላት።

«እሺ፣ ይብረድልኝ።»

«ጎብኚዎቹ መጡ?»

«የምን ጎብኚ ነው?» አሉ አክስትየው።

ዋና ነርሷ ገባት። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «አልመጡም» አለች በቀስታ። «የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።»

«እሷ እኮ እርስዎን አምና ነው መጋዘኑን ያላየችው።»

«ያመኑት ፈረስ...» ብለው አክስትየው ሳይጨርሱት ተዉት።

ልብስ ሰፊው ተነሳና ከበሩ ጀርባ ማስኩን ከሚስማሩ አወረደ።

«ተው፣ አትንካው» አለች ዋና ነርሷ ሳታስበው። «ይይዝሃል።»

«ምን ይይዘኛል? ከሰፈር ነው ብላችሁን የለም እንዴ?»

ሻዩ እጇ ላይ ቀዝቅዟል።

እሱ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ከኪሱ የሥራ ምላጩን አወጣ። ማስኩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ፣ በገዛ እጁ የሰፋውን ቀይ ክር አንድ በአንድ ይተረትር ጀመር። ክሩ በወጣ ቁጥር መርፌው የበሳው ቀዳዳ በዋና ነርሷ ፊት ይገለጥ ነበር።